ክር የሌለው ድልድይ

የእስር ክፍሉ በር ከኋላዬ ሲቆለፍ መጀመሪያ ያየሁት ወለሉን ነው። የሙያ ልክፍት! ከጥግ እስከ ጥግ ተሰነጣጥቋል፤ መጸዳጃው አጠገብ ካለው ቀዳዳ ውሃ ይወጣል። አዲስ ገቢ የሚተኛው እዚያ ነበር።

«ምን አድርገህ ነው?» አለኝ ካቦው፣ የክፍሉ አለቃ። አድማ አስተባብረሃል ተብሎ የታሰረ የጀሞ ታክሲ ሹፌር ነው።

«የሰፈራችን ድልድይ ክር የለውም ብዬ።»

«ኧረ በገብርኤል! ድልድይ በክር ይሰፋል እንዴ?» ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

«ጭቃ ስታቦካ ጭድ የምትጨምረው ለምንድን ነው?»

«እንዳይሰነጠቅ ነዋ።»

«ኮንክሪቱም ያው ነው።»

የድልድዩ ግንባታ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ነበርኩ። ተቋራጮቹ የላይኛውን ንጣፍ ሲሞሉ፣ ከኮንክሪቱ ጋር መቀላቀል የነበረበት የፕላስቲክ ክር ሳይመጣ ሞሉት። በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ተነስቼ ይህንኑ ተናገርኩ፤ ሕዝብ ማሸበር ነው ብለው አሰሩኝ።

የትኛው ድልድይ እንደሆነ ስነግራቸው፣ «እኔ እኮ በየቀኑ የምመላለሰው በዚያ ድልድይ ነው» አለ ሹፌሩ። ሳቁ ቆመ።

በማግስቱ መርማሪው ሻይ አስመጣልኝ። «ካሜራ ፊት ክሩ ገብቷል በል። ዛሬውኑ ቤትህ ነህ።»

ባለቤቴ መውለጃዋ ደርሶ ነበር፤ ይህንንም ያውቃል። እውነት ለመናገር፣ ገብቷል ልል ምንም አልቀረኝም ነበር። ግን የሹፌሩ ታክሲ በሰው ተጠቅጥቆ ድልድዩ ላይ ታየኝ።

«አልገባም፣ ጌታዬ» አልኩ። ሻዩን ሳልነካው መለሱኝ።

ከቀናት በኋላ ከቤት የመጣልኝ ምሳ ሲከፈት ገንፎ ነው።

«እንኳን ማርያም ማረችልህ!» አለ ሹፌሩ።

ሁላችንም ቀመስን። እኔ እየዋጥኩ አለቀስኩ፤ የተወለደው ወንድ ይሁን ሴት እንኳ አላውቅም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ግንበኞች ግድግዳ ይለስኑ ነበር። ጠባቂውን ለምኜ ትንሽ ሲሚንቶና አሸዋ አስመጣሁ። ልብሴ የመጣበትን ማዳበሪያ ተረተርን፤ ክሩን በጥርሳችን እየቆራረጥን አብረን አቦካነውና ቀዳዳውን ደፈንኩት።

«ለማን ብለህ ነው?» አለኝ ጠባቂው።

«ከእኔ ቀጥሎ ለሚገባው።»

ዛሬ ልጄ ትምህርት ቤት ገብታለች። በቀደም ከጀሞ ስንመለስ የተሳፈርንበት ታክሲ የያኔው ካቦ ሆኖ ተገኘ። እኔ ከተፈታሁ በኋላ ደግመው እዚያው ክፍል አስገብተውት ኖሯል።

«ኢንጂነር፣ ያቺ የደፈንካት ቀዳዳ እኮ የፀጉር ያህል ስንጥቅ የላትም!» አለኝ እየሳቀ።

ድልድዩ ጋ ስንደርስ ፍሬን ያዘ። ንጣፉ ተሰነጣጥቆ ተቦዳድሷል። የልጄን እጅ ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ፤ እስክንሻገር አልለቀቅኳትም።