ከሹራቡ የተለመነ ክር

ልጄ አምስተኛ ክፍል ናት። ቅዳሜ ከሰዓት ጓደኛዬ ወደምትኖርበት ሰፈር፣ ወደ ቡሪየን ስንሄድ መኪና ውስጥ የቤት ሥራዋን ነገረችኝ። ድሮ እዚሁ አሜሪካ ውስጥ፣ በአንድ መንደር ልጅ ሲታመም ወይም የላም ወተት ሲነጥፍ፣ ጎረቤት ጎረቤቱን «ጠንቋይ ናት» ብሎ ይከስ ነበር አሉ። ያመነች ትተርፋለች፣ የካደች ትሰቀላለች። «ሶ ዳምብ፣ ማሚ» አለችኝ፤ እንዴት ያለ ጅልነት ነው ማለቷ ነው። እኔም አብሬያት ሳቅሁ።

የጓደኛዬ ቤት ስንደርስ ሳቄ ጠፋ። የስምንት ወር ልጇን ሦስት ቀን ሙሉ ሲያስመልሳት ነበር። ሐኪሙ የሆድ ቫይረስ ነው፣ ያልፋል ብሏታል፤ እሷ ግን አላመነችውም። ኦቴሎ በሚባለው ሰፈር፣ ቤታቸው ውስጥ እየተከፈላቸው ሕፃናት የሚጠብቁትን እትዬን ጠርታ ሶፋ ላይ አስቀምጣቸዋለች። እትዬ ረቡዕ ዕለት ሕፃኗን አቅፈው «ስታምር!» ብለዋል። ደግሞ የሸክላ ሠሪ ልጅ ናቸው። እንዲህ ያለውን ሰው አገራችን ቡዳ ይለዋል፤ እሁድ እሁድ ሃሌሉያ የምንለው እኛም ከነሻንጣችን ይዘነው መጥተናል።

«እትዬ፣ ከሹራብዎ ትንሽ ክር ብቻ ይስጡኝ፤ አጭሼ ላጥናት» አለች ጓደኛዬ፣ መቀስ ይዛ።

እትዬ የሹራባቸውን እጅጌ ያዝ አደረጉ። ክሩን ከሰጡ አመኑ ይባላል፤ ከሰኞ ጀምሮ ልጅ የሚያመጣላቸው የለም፣ እንጀራቸው ደግሞ እሱ ብቻ ነው። ከከለከሉ ልጅቷ እንድትሞት ፈለጉ ይባላል። ወዲህ ቢሉ ገደል፣ ወዲያ ቢሉ ገደል።

«ልጄ፣ እኔ እኮ ስለወደድኳት ነው» አሉ።

እኔ ሕፃኗን ጭኔ ላይ አስተኝቼ ካልሲዋን አስተካክል ጀመር። ፈሪ ነኝ። እዚህ ከተማ አሥራ አንድ ዓመት ስኖር የአባቴን ሥራ ለጠየቀኝ ሁሉ ነጋዴ ነበር ብያለሁ። አባቴ ቀጥቃጭ ነበር፤ ማረሻና ማጭድ እየቀጠቀጠ ነው ያሳደገኝ። ትምህርት ቤት ልጆቹ ምሳቸውን ሲበሉ ከእኔ ዞር ይሉ ነበር።

መቀሱ ወደ እትዬ ክንድ ሲጠጋ አልቻልኩም። ንዴት ነው እንጂ ጀግንነት አልነበረም።

«ክር ከፈለግሽ ከእኔም ቁረጪ! የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ። ልጅሽን ስንቴ አበላኋት? ስንቴስ ታምራለች አልኩ?»

ጓደኛዬ ቀና ብላ አየችኝ። እንደ መሳቅም አላት።

«ኦኬ፣ ኦኬ፣ ይቅር በቃ» አለች። መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ ዓይኔን ሳታይ፣ ልጇን ከጭኔ ላይ አነሳቻት።