ሰኞ ሊፈርስ የተቀጠረ ቤት

ሐሙስ፣ ንጋት

ደብረ ብርሃን መናኸሪያ የደረስኩት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አማትቤ ተሳፈርኩ። በዘንቢሌ የልጅ ልጄ የክርስትና ነጠላ፣ በሶና አንድ ጠርሙስ ማር አለ። በጉያዬ የልጄ የወይንሸት ደብዳቤ አለ።

«እማዬ፣ እሁድ የልጄ ክርስትና ነው። አባባ ገብረማርያም የሠሩት ቤት ሰኞ በደቦ ሊፈርስ ነው። አዲሱ ቤት ብርድ ነው፤ ልጄ ትስላለች። ድረሽልኝ።»

ወይንሸት ያገባችው ከራቤል ወጣ ብሎ ነው። አባባ ገብረማርያም የባሏ አባት፣ ግንበኛ ናቸው። ቤታቸውን በሠርጓ ጊዜ አይቼዋለሁ። የድንጋይ ነው፣ ክዳኑ የጓሳ ሣር፣ ባለ ሁለት ደርብ። ከታች በጎች፣ ከላይ ሰው። በላይኛው ወለል መካከል የእንስራ አፍ የምታህል ቀዳዳ አለች፤ በተጠረበ የድንጋይ ውታፍ ትዘጋለች። ቀን ትዘጋለች። ሲመሽ ውታፉ ይነሣና የበጎቹ ሙቀት ወደ ላይ ይወጣል። ሽታም አብሮ ይወጣል፤ አልዋሽም። ያን ጊዜ «ይህን ማን አስተማረዎት?» ብላቸው፣ «ብርዱ» አሉኝ።

ጣርማ በር ላይ አውቶቡሱ ቆመ። ጉሙ ከገደሉ እየወጣ መንገዱን ሸፍኖታል። በአንድ ብር ሻይ ጠጣሁ፤ ብርጭቆውን ለእጄ ማሞቂያ ያዝኩት። መሐል ሜዳ አደርኩ።

ዓርብ፣ ወደ ራቤል

አውቶቡስ ስላልነበረ በጭነት መኪና ሄድኩ። ሾፌሩ ጋቢና አስገባኝ። በሩ አይዘጋም፤ በጎማ ቁራጭ ከወንበሩ ጋር ታስሯል። ኮረኮንቹ ሲያነጥረን ጎማው ይሳባል፣ መልሶ ይዘጋል።

«የእኔ ፈጠራ ነው፣ እማማ። አይፍሩ፤ እስካሁን ማንም አልወደቀብኝም።»

«በሩን ያሠራኸው እንደሆነስ?»

«ታዲያ በምን ልኩራራ?»

በአዲስ ፕላን ስለተሠራው የልጄ ቤት ነገርኩት። ከአፌ ነጠቀኝ።

«ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ሰፋፊ መስኮቶች፣ የቆርቆሮ ክዳን? መርሐቤቴ አውቀዋለሁ! ከዓለም ከተማ በታች፣ ቆላው ውስጥ ሠርተውታል። ነፋሱ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ሰዉ ሲመርቀው! እኔም አድሬበታለሁ፤ ገነት ነው።»

«እዚህስ?»

ተራራውን አየና ኮፍያውን ወደ ጆሮው ሳበ።

«እዚህማ፣ እማማ፣ ነፋሱ ጉልበተኛ ነው።»

ቅዳሜ፣ ልጄ ቤት

ከራቤል በእግሬ ደረስኩ። የገብሱ እርሻ ታጭዷል፤ ሜዳው በውርጭ ነጥቷል።

አዲሱ ቤት ሾፌሩ እንዳለው ነው። መስኮቶቹ ጣውላ ናቸው፤ በስንጥቃቸው ጣት ያስገባሉ። ሕፃኗ በባና ተጠቅልላ አፍንጫዋ ብቻ ይታያል። አቀፍኳት። ሳለች። ሳሏ ከደረቷ ውስጥ ነው። ልጄ ባናውን አጠበቀችላት።

ግድግዳው ላይ በፍሬም የተሰቀለ ሰርተፊኬት አለ፦ «ሞዴል ቤተሰብ»።

«ሰውና ከብት አንድ ላይ መኖሩ ኋላ ቀርነት ነው አለን ይህን ቤት ያሠራን የወረዳ ባለሙያ፣ እማማ» አለኝ አማቼ ጌታነህ። «አሮጌው ካልፈረሰ ሰርተፊኬቱን እንነጠቃለን። ድንጋዩ ለመጸዳጃ ቤት ይሆናል።»

መጸዳጃውን አልጠላሁም። ደጁ ላይ የሰቀሉትን ጀሪካንም ወድጄዋለሁ፤ ገመዱን በእግር ሲረግጡት ውኃ ያፈስሳል፣ እጅ ቧንቧ አይነካም። ያመጣው ያው ባለሙያ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጠው። ያናደደኝ፣ ይህን የሚያህል ነገር ያመጣ ሰው ሕፃን በነፋስ መካከል ማስተኛቱ ነው።

አባባ ገብረማርያም አሮጌው ቤት ደጃፍ ተቀምጠዋል።

«ዝም አሉ፣ አባባ?»

«ስምንት ልጅ በበግ ሙቀት አሳደግሁ፣ የኔ እመቤት። ወንጀሌ ይኸው ነው።»

ሲመሽ ወይንሸት ለነገው ቤት ቡራኬ ጠበል በሳህን ቀድታ መስኮቱ ሥር አኖረች።

እሁድ

ጎሕ ሳይቀድ ቤተ ክርስቲያን ደረስን። በሰማንያ ቀኗ ተጠመቀች፤ ወለተ ማርያም ተባለች። ደስታዬን ለእመቤቴ ነገርኩ።

ቅዳሴ እንዳለቀ የንስሐ አባታቸው አብረውን መጡ። ፀሐይዋ ገና ወደ ቤቱ አልዞረችም። ባለሙያው ተጋብዞ ደርሷል፤ ወጣት ነው፣ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፏል። ቄሱ ጣታቸውን ወደ ሳህኑ ሰደዱ። ጣታቸው አልገባም። ጠበሉ ላይ በረዶ ጋግሯል።

ቄሱ በረዶውን በጥፍራቸው ሰበሩና ወደ ብርሃኑ ያዙት።

«ውኃው እንዲህ ከሆነ ሕፃኗ እንዴት ሰነበተች?»

ከዚያ በኋላ መታገሥ አልቻልኩም።

«ልጄ፣ አንተ ካፖርትህን አላወለቅህም። እሷ ግን እዚህ ትደር?»

«እማማ፣ ፕላኑ ከበላይ የመጣ ነው። ጥሩ ፕላን ነው።»

«ለቆላ ጥሩ ነው። ደጋና ቆላን ለይቶ የፈጠረ እግዚአብሔር ነው፤ እናንተ በአንድ ወረቀት ቀላቀላችኋቸው። አባባን ጠይቀሃቸዋል?»

«ምን ብዬ?»

«ቤት እንዴት ይሠራል ብለህ!»

ፊቱ ቀላ። «በሽታውስ? ጭሱስ ዓይን አያጠፋም?»

«ያጠፋል። ታዲያ ጭሱን አስወጡት፣ ቤቱን ለምን ታፈርሳላችሁ?»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሪፖርቱ ሄዷል። ፈርሷል ብዬ ጽፌያለሁ።»

አባባ ገብረማርያም ከማዕዘን ሳቁ። ከመጣሁ ወዲህ ሲስቁ ገና ማየቴ ነው።

«እሰይ! ከፈረሰ ታዲያ ነገ ምን ያለፋናል?»

ጌታነህ አባቱን አየ፣ ልጁን አየ። ሕፃኗን ከእኔ ተቀብሎ ወደ አሮጌው ቤት ወጣ።

ሰኞ

የደቦው ሰዎች ዲጅኖና አካፋ ይዘው መጡ።

«ማፍረሱ ቀርቷል» አሏቸው አባባ። «ሥራ ግን አለ።»

የበጎቹን በር ከሰው መውጫ አርቀው በጓሮ በኩል ከፈቱት። ከምድጃው በላይ ለጭሱ መውጫ አበጁ። ቀኑን ሙሉ እሳቸው በበትራቸው እያመለከቱ፣ ሌላው እየካበ። ባለሙያው ከሰዓት በኋላ መጣ። ትንሽ ቆመና ካፖርቱን አውልቆ ድንጋይ ተሸከመ።

«ይኸኛውንም ጻፈው» አለው አንዱ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ይኸው ፕላን ለሌላ ደጋ ሰው እየታደለ እንደሆነ አስባለሁ። እዚያ ጠበል መስኮት ሥር ያኖረ ሰው ይኖር ይሆን?

አዲሱ ቤት የገብስ ጭድ ገባበት። ሰርተፊኬቱን ያወረደው የለም፤ ከጭዱ በላይ ተሰቅሎ ቀርቷል።

ማክሰኞ፣ ንጋት

ሳል ሳልሰማ ነቃሁ። ወለተ ማርያም ባናውን በእግሯ ገፍታ ተኝታለች፤ እግሯን ነካሁት፣ ሞቋል። ከታች አንዲት በግ አነጠሰች። ውታፉን መልሼ ገጠምኩ፣ ዘንቢሌን አነሣሁ፣ በሪፖርት ከፈረሰው ቤት በደረጃው ወረድኩ። ተመስገን።