የማሙሽ ሆድ

«ደግፈው እንጂ! እንዳይተኛብህ!» ይሉኛል ጋሽ ተካ። ስቶን ማውንቴን ከተማ፣ ጓሯቸው ውስጥ ነን። በአንድ እጄ ማሙሽ ብለው ስም ያወጡለትን ጥጃ አቅፌ በሌላው ሴልፎኔን ይዣለሁ። ማሙሽ ወተቱን ግጥም አድርጎ ጠጥቶ ሆዱ ከበሮ አክሏል። የከብት ሐኪሙ ስልክ አላነሳ ሲለን፣ የቸርቻችን ነርስ ሲስተር ሶስና ጋ ኮል አደረግኩ።

«ሲስተር፣ የጋሽ ተካ ማሙሽ ሆዱ ተነፍቶ ሊሞትብን ነው!»

«ውይ ጌታ ሆይ! ስንት ጊዜው ነው?»

«ሁለት ሳምንቱ።»

«ምን ሰጣችሁት?»

«ወተት ነዋ፣ በባልዲ።»

«በባልዲ?! እናቱስ የት ሄዳ ነው?»

«ሸጧት።»

«ጌታ ሆይ!» ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሴልፎኔን ኪሴ ከተትኩና በሁለት እጄ ሆዱን ማሸት ጀመርኩ። አሸሁ፣ አሸሁ፤ ማሙሽ ድግስ እንደበላ ሽማግሌ አገሳና ሆዱ ጎደለ። ጋሽ ተካ አንገቴ ላይ ተጠምጥመው እየሳሙኝ ሳለ፣ ፖሊስ እየሮጠ ጓሮ ገባ።

«እናቱን የሸጣችሁበት ሕፃን የት አለ?»

በጣቴ ማሙሽን አሳየሁት። ፖሊሱ ጥጃውን አየ፤ ጋሽ ተካን አየ፤ ከዚያ ለሃጭ በለሃጭ የሆነውን ሸሚዜን አይቶ፣

«አባትየው አንተ ነህ?» አለኝ።