ለእማማ ባዩሽ የተነሣ ባሕር

የሲራክ እናት እማማ ባዩሽ ደብረ ብርሃን ከተቀበሩ አሥራ ስድስት ቀን ሆኗቸዋል። ይህን እሱ በሚኖርበት ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ሐበሻ ሁሉ ያውቃል፤ የማያውቀው ሲራክ ብቻ ነው። የእድሩ ኮሚቴ፣ ያ የሰፊውን ሕዝብ ዕጣ በማኪያቶ ጠረጴዛ ላይ የሚወስን ጠቅላይ አካል፣ መርዶው ለቅዳሜ ንጋት እንዲዛወር በሙሉ ድምፅ አጽድቋል። አሜሪካ ውስጥ ሞትም የሥራ ቀን አይነካማ!

ቅዳሜ ማለዳ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የሲራክን በር ቢያንኳኩ ቤቱ ባዶ ነው። ሲራክ ከጎረቤት ከተማ አሌክሳንድሪያ የፓርኪንግ ሥራው የሁለት ቀን ዕረፍት ለምኖ፣ ያገለገለ ካሜራ ይዞ፣ ብቻውን ወደ ውቅያኖሱ ዳር ነድቷል። የእኛ ከበርቴ! እናቱ በስልክ፣ «ዓይኔ ሳይጠፋ ፈርዖንን የዋጠው ባሕር ምን እንደሚመስል አሳየኝ» ብለውት ነበር።

መንገዱ ላይ ያለው ትልቅ ድልድይ ጋ ቆመ፤ ፎቶ አነሣ። ረግረጉ ጋ ቆመ፤ ሳቢሳ የምትባል አንዲት ነጭ ወፍ አነሣ። የዱር ፈረሶች የሚንጋጉበት አሳቲግ ደሴት ሲደርስ ሱሪውን ጠቅልሎ ውኃው ውስጥ ገባና፣ ማዕበሉ እንደ ግድግዳ ቀጥ የሚልበትን ቅጽበት ሲጠብቅ ዋለ። እናቱ ባሕርን የሚያውቁት ተከፍሎ ነዋ።

ስልኩ ጮኸ። የኮሚቴዋ ጌጤነሽ ናት፤ ዓመት ሙሉ ስሙን ያልጠራችው።

«የት ነህ የኔ ጌታ?»

«እትዬ ጌጤ! የዱር ፈረስ እያነሣሁ!»

«ምን አባቱ፣ ፈረስ! መቼ ትገባለህ? አይዞህ፣ ቀስ ብለህ ንዳ።»

ምን ሆኜ ነው አይዞህ የምትለኝ? አለ በልቡ። እናቱ ቤት ደወለ። ወንድሙ ደሳለኝ እንደ ሰሞኑ ሁሉ «ተኝታለች» አለው።

እሑድ ከሰዓት ሲመለስ የሕንጻው ፓርኪንግ በሚያውቃቸው መኪኖች ሞልቷል። ሞተሩን አጥፍቶ ብዙ ቆየ። ይህን ያህል ሐበሻ የሚሰበሰበው ለሠርግ ነው፣ ወይም ለሌላው ነገር። ሠርግ ደግሞ የለውም።

ቤቱ በር ላይ ከኮሚቴው ጋር ሲጠብቁት የቆዩት ሊቀ መንበሩ ጋሽ ኃይለመለኮት ሊናገሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ይቆዩኝ ጋሼ፣ መጀመሪያ ይህን ይዩልኝ» ብሎ ሲራክ ካሜራውን ከፈተ። «ይቺ ድልድዩ ናት። ይቺ ሳቢሳ። ይሄኛው ተንቀሳቅሶብኛል፤ ግን ማዕበሉ ቆሟል፣ አዩት?»

«አየሁት፣ ልጄ።»

ቀና ሳይል ዘጠና ሦስቱንም አሳያቸው። ለሁሉ ነገር መግለጫ የማያጣው ኮሚቴ አንገቱን አስግጎ ፎቶ ያያል፤ ጌጤነሽ በነጠላዋ አፏን ይዛለች። ፎቶው አለቀና ካሜራው ወደ መጀመሪያው ዞሮ እንደገና ድልድዩን አሳየ። ሲራክ አጠፋው።

«አሁን ንገሩኝ» አለ።