ከላይ የሚወርደው ውሃ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ አዲስ የገዛችውን ቦታ ልታሳየኝ ወሰደችኝ። ቁልቁለት ነው። «የጓሮ አትክልት ልተክል አስቤ ነበር፣ መሬቱ ግን አይሆንም» አለችኝ። ሐሳቤ ወደ ድሮው ቤታችን ሄደ።

በጃንሆይ ዘመን፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ፣ ድሬዳዋ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ዳገቱ ላይ እንኖር ነበር። አባቴ የባቡር ጥገና ሠራተኛ ነበር። እናቴ ካረፈች ወዲህ የቤቱ ምግብ በእኔ እጅ ነበር። ድሬዳዋ ሙቀቷ ይታወቃል፤ ከገበያ የገዛሁት ሰላጣ ቤት ሳይደርስ ይጠወልግብኝ ነበር። ስለዚህ ጠጠር የበዛበትን ተዳፋት ግቢያችንን አትክልት ላበቅልበት ቆረጥኩ።

ችግሩ ውሃ ነበር። ከቦኖ የምንቀዳው ለመጠጥና ለወጥ ቢበቃ ነው። ከላያችን የምትኖረው ሱማሌዋ የጨርቅ ነጋዴ አዴ ሃዋ ግን ቧንቧ ነበራት። ቤተሰቧ ብዙ ነው፤ ለሶላት ውዱእ ሲያደርጉ የታጠቡበት ውሃ ቁልቁል ወርዶ ደጃችንን ጭቃ ያደርገዋል። አባቴ ይህን እንደ ንቀት ቆጥሮ፣ ውሃውን የሚያግድ ግንብ ሊያሠራ ድንጋይ አስመጣ። ግንበኛው ቅዳሜ ይመጣል። ግንቡ ከቆመ ያ ውሃ አይደርሰኝም፤ አትክልቴ ቀረ ማለት ነው።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ በቀጥታ ወደ አዴ ሃዋ ወጣሁ። የማንጎ ወቅት ነበር፤ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ማንጎ ትልጣለች።

«አባትሽ ነው የላከሽ?» አለችኝ።

በራሴ እንደመጣሁ ነገርኳት። ቤተሰቧ በግራው ጥግ በኩል ቢታጠብ፣ ውሃው የአትክልት መደቦቼን ከላይኛው ጀምሮ በየተራ እንደሚያጠጣልኝ በእጄ እያመለከትኩ አስረዳኋት። ሳቀች።

«የት እንደምንታጠብ ልታዢን መጣሽ አቦ? ወላሂ ደፋር ነሽ።» ከዚያ ረጋ አለች። «የውዱእ ውሃ ነው፤ ሰላጣ ቢጠጣው ደስ ይለኛል። ግን ከዚያ ጥግ ስር ውሻችሁ ነው የሚታሰረው። ውሻ የሚተኛበት ላይ አናፈስም። እሱን አንሺ።»

ውሻው የአባቴ ነው። እራት ላይ ሳልሸፋፍን ነገርኩት። የጎረሰውን ውጦ ቀና አለ።

«የውሻዬን ቦታ የምትመርጥልኝ አዴ ሃዋ ናት?»

«አይደለችም፤ እኔ ነኝ፣ አባዬ።»

«ድንጋዩስ?»

«እርከን ይሠራበት።»

እጁን ታጥቦ ተነሣ። ዓርብ ችካል ተክዬ ሲባጎ ወጠርኩ። ሁሉንም አግድም ነው የወጠርኩት፤ ውሃው እንዲያርፍ እንጂ እንዲሮጥ አልፈለግሁም። መዳፌ ውሃ ቋጠረ።

ቅዳሜ ግንበኛው ሲመጣ አባቴ ግቢው መካከል ቆሞ ነበር። ሲባጎዎቼን አየ፤ ቀና ብሎ የላይኛውን ቤት አየ። ከዚያ የውሻውን ሰንሰለት ፈትቶ ራሱ ወደ ታችኛው በር ወሰደው። ለግንበኛው የተናገረው «እሷ የምትልህን ሥራ» የሚል ብቻ ነበር።

እርከኑ ባለቀ ማግስት፣ የከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት አዛን እንደተሰማ ውሃው በድንጋዮቹ መካከል ብቅ አለ። አፈሩ ጠጣው።

ክረምት ላይ የመጀመሪያውን ሰላጣ ቆርጬ ለአዴ ሃዋ ላደርስ ስነሣ፣ አባቴ ቅርጫቱን ከእጄ ተቀበለኝ። ኮቱን ደርቦ ዳገቱን ወጣ። በዚያ ቤት ደጃፍ ቆሞ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። ወዳጅ ሆኑ ብዬ አላጋንንም። ሰላምታ ይለዋወጡ ጀመር፤ ለእኛ በቂ ነበር።

እስከ ዛሬ ቁልቁለት መሬት ሲያሳዩኝ አፈሩን ከመንካቴ በፊት ቀና እላለሁ። የልጅ ልጄንም ከላይሽ የሚኖረው ማነው ብዬ ጠየቅኋት። አላውቅም አለችኝ። እንግዲያው ወደ ላይ ወጥተን እንተዋወቅ አልኳትና ከዘራዬን አነሣሁ።