የኖክናካሊ ድንጋዮች

ደርቭላ ማክሃው አየርላንድ ውስጥ በሊትሪም አውራጃ፣ ከኖክናካሊ ተራራ ሥር በግ ስታረባ ኖራ ስልሳ ሦስት ዓመት ሞላት። ባል አላገባችም፤ ቁጣዋን የሚያውቁ ጎረቤቶቿ «ማን ደፍሮ!» ይላሉ።

የተራራው አናት ላይ አንድ ትልቅ የድንጋይ ክምር አለ። ካልያኽ የምትባለው ግዙፍ አሮጊት ከተራራ ተራራ ስትረማመድ ከሽርጧ የተዘረገፈ ነው ይባላል። ሥሩ ከአምስት ሺህ ዓመት በፊት የተቀበሩ ሰዎች አሉ። ደርቭላ በልጅነቷ አንዲት ጠጠር ኪሷ ከታ ብትወርድ፣ አባቷ ዳገቱን እንደገና አስወጥቶ አስመልሷታል።

በመጋቢት አንድ ጠዋት የጠፋች በግ ፍለጋ ወጣችና ክው አለች። የክምሩ አንድ ጎን ተቦድሷል። የጎማ ዱካ እርጥቡን ሣር አርሶት ቁልቁል ይወርዳል። ተከተለችው። ያደረሳት ለእንግዶች ጎጆ ከሚያከራየው ከማላኪ ብሬስሊን ግቢ ነው። ማላኪ ሥጋ መጥበሻ ምድጃ እየገነባ ነበር።

«ይሄን ድንጋይ ከየት አመጣኸው?»

«መጀመሪያ ደህና አደርክ አይባልም? ከላይ ነዋ። ወድቆ የተበተነ ነው።»

«የተበተነ! በብረት ፈልቅቀህ!»

«አንቺ ሴትዮ፣ ሰዎቹ ከሞቱ አምስት ሺህ ዓመታቸው! ድንጋይ ምን ያደርግላቸዋል?»

«አባትህ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። የመቃብሩን ድንጋይ ነቅዬ የበጎቼ በረት ደፍ ላድርገው?»

ማላኪ ፊቱ ቀላ። «አባቴን አታንሺ! አሮጊቷ ከከፋት ራሷ መጥታ ትውሰድ!»

«መጥታለች» አለች ደርቭላ።

ቤቷ ሄዳ ትራክተሯንና ዲጂኖዋን ይዛ ተመለሰች። ሲሚንቶው ገና አልደረቀም። እንግዶቹ በመስኮት እያዩ፣ ማላኪ እየጮኸ ፖሊስ ሲጠራ፣ ምድጃውን አፍርሳ አርባ አንድ ድንጋይ ተሳቢው ላይ ጫነች። ወገቧ ሊቆረጥ ደርሶ ነበር፤ ንዴቷ ግን አላስቀመጣትም።

ከፖሊሱ በኋላ ከቅርስ መሥሪያ ቤት አንዲት ወጣት መጣች። «መልሰው እንዳይከምሩት፤ ባለሙያ ሳያየው ከነኩት እርስዎም ይጠየቃሉ» አለቻት።

«እኔም? ሌባው ቆሞ እኔ?»

ለማላኪ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰው፤ በቃ። ድንጋዮቹ ደርቭላ በረት ውስጥ ሸራ ለብሰው ሁለት ዓመት ተቀመጡ። በየወሩ ለመሥሪያ ቤቱ ጻፈች፤ መልሱ «ጉዳዩ እየታየ ነው» ብቻ። «ምኑን ነው የሚያዩት? ድንጋይ አይተው አያውቁም?» እያለች ለበጎቿ ትጮህ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ባለሙያዎች መጡና በሁለት ቀን መልሰው ካቡት። ደርቭላ ዝናብ ላይ እጇን አጣምራ ቆማ «ይቺኛዋ ከታች ነበረች!» እያለች አላስቀምጥ አላስቆም አለቻቸው። ሰደቧት፤ ድንጋዩን ግን ዝቅ አደረጉት።

በቀጣዩ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቄሱ ሰላም ተባባሉ ሲሉ ማላኪ ዞሮ እጁን ዘረጋላት። ደርቭላ እጁን አየችው፤ የራሷን ከካፖርቷ ኪስ አላወጣችም።