አባቴ ፋርማሲን ሲከራከርልኝ

አባቴ ቡታጅራ ውስጥ በርበሬ ነጋዴ ነው። ገበያ ላይ ሲገዛ ያላየው ሰው የእኔ ነገር በደንብ አይገባውም፤ ስለዚህ ከእሱ ልጀምር። ከገጠር የመጣ ገበሬ ጆንያውን ፈትቶ ሲጠብቅ አባቴ ዞር ብሎም ሳያይ ያልፋል። ከዚያ የረሳው ነገር ያለ ይመስል ይመለስና አንድ ዛላ አንስቶ ያሸታል፣ መልሶ ይጥለዋል። «ይቺ ደግሞ ምን ትሆናለች» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ያን ጊዜ ገበሬው ከኋላው «ና! ና ተመለስ፣ እንነጋገር!» ይለዋል። እሱም ተለምኖ እንደሚመለስ ሰው እየተጎተተ ይመለሳል። በርበሬው ተራ ከሆነ ግን ቁጭ ብሎ ያደንቃል፣ «ማሻአላህ» ይላል፣ ሳይገዛም ይሄዳል። ከልጅነቴ ጀምሮ አባቴ ያጣጣለውን ጆንያ ሳይ፣ ዛሬ ወደ ቤት የሚመጣው እሱ ነው እላለሁ።

ይህን ጠባዩን ከገበያ ይዞት ቤት እንደሚገባ ግን አላውቅም ነበር።

ዩኒቨርሲቲ የደረሰኝ ወልቂጤ ነው። የመጀመሪያ ቀን ሻንጣዬን ተሸክሞ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኝ። እኔ አንድ ደግ ቃል ብቻ ነው የምጠብቀው። እሱ ሻንጣውን ለረዳቱ ሰጥቶ «ሂጂ በይ፣ ቤቱም ይሰፋናል» አለኝና ጀርባውን ሰጥቶኝ ሄደ። ወላሂ ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም! ሚኒባሱ ወልቂጤ መንገድ ላይ ያለውን ተራራ ተሻግሮ እስኪወርድ አለቀስኩ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ሰው የሞተብኝ መስሏቸው «አላህ ያጽናሽ» አሉኝ።

የመጀመሪያው ዓመት ትምህርት ለሁሉም አንድ ነው፤ ዲፓርትመንት የሚመረጠው መጨረሻ ላይ ነው። እኔ ከፋርማሲ ሌላ አስቤም አላውቅ። እናቴ ደም ግፊት አለባት፣ ማንበብ አትችልም፣ አማርኛውም ብዙ አይሆንላትም። ድሮ መድኃኒቷን ለመውሰድ እኔን ከትምህርት ቤት ትጠብቅ ነበር። አንድ ቀን መድኃኒት ቤት የምትሠራ ሴት በአንዱ ፓኬት ላይ ፀሐይ፣ በሌላው ላይ ጨረቃ ሳለችላትና በራሳችን ቋንቋ በመስቃንኛ «ስትነቂ ይቺን፣ ስትተኚ ያቺን» አለቻት። እናቴ ፓኬቶቹን ለጎረቤት ሁሉ እያሳየች «እኔም አነበብኩ እኮ!» ስትል ከረመች። ያቺን ሴት መሆን እንደምፈልግ ያኔ ነው የወሰንኩት።

ምን ዋጋ አለው፣ ፋርማሲ የሚፈልገው መዓት ነው፣ የሚቀበሉት ደግሞ ጥቂት። ውጤቴ አያሳፍርም፤ አፍ ሞልቶም አያናግርም። የምርጫው ጊዜ ሲቃረብ ዶርም ውስጥ ሌላ ወሬ ጠፋ። አንዷ ግሬዷን ትደምራለች፣ ሌላዋ ትጸልያለች፣ እኔ ጥፍሬን እበላለሁ። እህል አልወርድ አለኝ። ካፌ ገብቼ ሽሮውን አይቼ እወጣለሁ። የዶርም ጓደኛዬ፣ የወልቂጤ ልጅ ናት፣ «አንቺ ፋርማሲ ከመግባትሽ በፊት መድኃኒት ያስፈልግሻል» እያለች ታሾፍብኛለች። እሷ ታሹፍ እንጂ እኔስ ሌሊቱን ሁሉ ስገላበጥ ነበር የማድረው።

ምርጫው የተከፈተ ቀን አባቴ ሳይነግረኝ መጣ። በርበሬ በርበሬ እየሸተተ ግቢው በር ላይ ቆሟል።

«አባዬ! ምነው በደህና?»

«ምንም፣ እዚህ ጉዳይ ነበረኝ።»

ምን ጉዳይ አለው ወልቂጤ! ይዤው ኢንተርኔት ቤት ገባሁ። ምርጫውን በቅደም ተከተል መሙላት ነው። አንደኛ ላይ ፋርማሲን ላደርግ ስል እጄን ቀጨም አደረገኝ።

«ምን ነካሽ? አንደኛ ላይ ሌላ አድርጊ። ፋርማሲን ወደ ታች፣ እንደ ዘበት ጣል ነው።»

«እንዴ! ለምን?»

«እንደምትፈልጊው ካወቁ ያስወድዱብሻላ!»

«አባዬ፣ ይሄ ኮምፒውተር ነው እንጂ ገበሬ አይደለም!»

«ኮምፒውተሩን የሚያዘው ሰው አይደለም? ሰው ሁሉ ነጋዴ ነው፣ ልጄ።»

ዙሪያችን ያሉት ተማሪዎች መሳቅ ጀመሩ። እኔ ደግሞ ሲስቁብኝ አልወድም፣ ደሜ ፈላ። እጄን አስለቅቄ ፋርማሲን አንደኛ ላይ አደረግሁና ላክሁት። አባቴ ራሱን ይዞ «አበላሸሽው! ገና ሳንቀመጥ ፍላጎታችንን ዘርግፈሽ ሰጠሻቸው!» አለ። ትንሽ አሰበና ደግሞ ረጋ ብሎ «ግድ የለም፣ የቀረውን እኔ አስተካክለዋለሁ» ብሎኝ ተመልሶ ሄደ። ምኑን እንደሚያስተካክል አልገባኝም።

የገባኝ ውጤቱን ለመጠበቅ ቡታጅራ ስገባ ነው። ከባጃጁ ወርጄ ሻንጣዬን ሳላነሳ ጎረቤታችን ባለሱቁ ሀጂ ጠሩኝ።

«ነይ እስቲ ልጄ፣ አካውንቲንግ ልትማሪ ነው አሉ? አባትሽ ‹ፋርማሲማ ምን ይሠራላታል፣ ቢሰጧትም አንፈልገው› እያለ ነው።»

ልብስ ሰፊዋም ያንኑ አለችኝ። ዳቦ ቤትም ያው ነው። ሰውዬው ለከተማው በሙሉ ፋርማሲን ሲያጣጥል ከርሟል! መናደድ ብቻ አይደለም፣ ከፋኝ። እኔ እንቅልፍ ያጣሁለትን ነገር የገዛ አባቴ ከቁም ነገር አልቆጠረውም ብዬ ሆድ ባሰኝ። ቤት ገብቼ ሰላምታም ሳልሰጥ እናቴ ላይ ጮህኩ።

እናቴ ጎመን እየከተፈች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠችና በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፍና ሳቀች።

«አባትሽን አታውቂውም እንዴ? እኔን ሊያገባ ሽማግሌ በሚልክበት ሳምንት ለአባቴ ምን እንዳለው ልንገርሽ? ‹ያንተ ሴት ልጆች ቁመት የላቸውም› ነው ያለው።»

«ታዲያ አንቺ ምን አልሽ?»

«ወደደኝ አልኩ» አለችና ጎመኗን ቀጠለች። «ነገ ጎህ ሲቀድ ለፈጅር ሶላት ተነሺ። ከዚያ በኋላ ትናደጃለሽ።»

ተነሳሁ። የሳሎኑ በር ገርበብ ብሏል። አባቴ ሰግዶ ጨርሶ መስገጃው ላይ እጆቹን ዘርግቶ ተቀምጧል። በመስቃንኛ ነው የሚለምነው፣ አንድም ቃል አላመለጠኝም። «ያ ረቢ፣ ፋርማሲ ስጣት። ሌላ አልፈልግም፣ እሱን ብቻ ስጣት። ልጅቷ እህል አልበላ ብሏታል።» እንዲህ ነው ያለው፣ ምንም ሳይደብቅ፣ እንደ ልጅ እየተለማመጠ። እኔ አባቴ «ይሄን እፈልጋለሁ» ሲል ሰምቼ አላውቅም። በሩ ጀርባ ቆሜ ንዴቴ ወዴት እንደሄደ አላውቅም። በጣም ወደድኩት።

ከዚያ በኋላ እኔም ንግዱ ውስጥ ገባሁ። ሀጂ ሲጠይቁኝ «አካውንቲንግ ነው ኢንሻአላህ» እላለሁ። አባቴ ከበርበሬ መጋዘናችን በር ላይ ሆኖ ይሰማና ደስ ብሎት ራሱን ይነቀንቃል። እህል ግን አሁንም አልወርድ እንዳለኝ ነው። አባቴም ቢሆን ሳህኑን ሳይነካ ወደ እናቴ ይገፋ ነበር።

ውጤቱ የወጣው የገበያ ቀን ነው። መጋዘኑ ውስጥ በርበሬ እየለየን ሁላችንም እናስነጥሳለን። ጓደኛዬ ከወልቂጤ ደወለች፤ «ቴሌግራም ላይ ለቀውታል፣ ቶሎ ግቢ!» አለችኝ። ኔትወርኩ ይመጣል፣ ይጠፋል። አባቴ ጀርባውን ሰጥቶኝ ዛላ የሚለይ መስሏል፣ እጁ ግን ከቆመ ቆይቷል። በመጨረሻ ስሜ መጣ፣ ከጎኑ የተጻፈውን ደጋግሜ አነበብኩት።

«አባዬ፣ ደረሰኝ።»

«ምኑ?»

«ፋርማሲ!»

አንድ ዛላ አነሳ፣ አሸተተ፣ ጣለው። «ይሁን እስቲ፣ ምን ይደረጋል» አለ። ከዚያ ጆንያው ላይ ዘጭ አለ። «አልሀምዱሊላህ፣ አልሀምዱሊላህ» እያለ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፣ በዚያ በርበሬ ሲያገላብጥ በዋለ እጁ! ዓይኑ ነደደ። እሱ ይጮሃል፣ እኔ ውሃ ይዤ እሮጣለሁ። ሀጂ ጩኸታችንን ሰምተው እየተጣደፉ መጡ።

«ምን ሆናችሁ? አካውንቲንጉን ከለከሏት?»

«ፋርማሲ ነው ሀጂ!» አለ አባቴ፣ እኔ ዓይኑ ላይ ውሃ እያፈሰስኩለት። «ፋርማሲ! ድሮም እሱን ነበር የፈለግነው!»

«አውቀናል እኮ» አሉ ሀጂ። «አንተ እንደዚያ ስታጣጥለው ጊዜ ነው ያወቅነው። እኛስ ነጋዴ አይደለንም እንዴ?»

ትምህርቱ ሲጀመር እንደ አምናው መናኸሪያ ድረስ ሸኘኝ። ሻንጣዬን ለረዳቱ ሰጠ። «ሂጂ በይ፣ ቤቱም ይሰፋናል» አለና ጀርባውን ሰጥቶኝ መሄድ ጀመረ። ያቺው ተራራውን ሁሉ ያለቀስኩባት ቃል ናት። ዘንድሮ ግን አንገቴን በመስኮት አወጣሁና ገበሬዎቹ እንደሚጠሩት ጮክ ብዬ ጠራሁት።

«ና! ና ተመለስ፣ እንነጋገር!»

ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አባቴ ባለበት ቆመ። እንደ ገበያው እየተጎተተ የሚመጣ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን እየሮጠ መጣና የመስኮቱን ጠርዝ በሁለት እጁ ያዘ።

«አምና ስትሄጂ ቤቱ በጣም ነው የሰፋን፣ ልጄ» አለኝ። «ቶሎ ቶሎ ነይልን።»